አንትሮፖሎጂ አጥንታ ሐኪም መሆን ትችላለች? ለአንድ አባት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ቨርጂኒያ የምኖር አባት ነኝ። ልጄ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ልትጀምር ነው። ባዮሎጂ ብላ ነበር የገባችው። አሁን ወደ አንትሮፖሎጂ ልቀይር ነው አለችኝ። ሐኪም የመሆን ሐሳቧን እንዳልተወች ትምላለች። እኔ ግን አልገባኝም። እኛ አገር ሶሻል የገባ ልጅ ሐኪም አይሆንም። በመጀመሪያው ዓመት ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ወስዳለች። ከሁለቱ ኬሚስትሪ አንዱን ኤ፣ አንዱን ቢ አመጣች። ልከልክላት ወይስ ልተዋት? ጊዜውም ገንዘቡም ባክኖ እንዳይቀር ፈራሁ።»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ወደ ሕክምናና ወደ ሌሎች የጤና ትምህርት ቤቶች የሚያመለክቱ ተማሪዎችን አማክራለሁ። ይህ ጥያቄ ከሐበሻ ወላጆች ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ልጅና ወላጅ ከተኳረፉ በኋላ ነው። እርስዎ ቀድመው መጠየቅዎ ጥሩ አደረጉ።

ልጅዎ የነገረችዎት እውነት ነው። እዚህ አገር አንትሮፖሎጂ (የሰውን ልጅ ባህልና ማኅበረሰብ የሚያጠና ትምህርት)፣ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሙዚቃ ወይም ኢኮኖሚክስ አጥንቶ ሕክምና ትምህርት ቤት መግባት ይቻላል። በየዓመቱም የሚገቡ አሉ። ስለዚህ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ስለቀየረች ብቻ አይከልክሏት። የሚያስፈራው ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ጥርጣሬዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገር ቤት ልጆች ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ናቹራልና ሶሻል ተብለው ይለያሉ። ሕክምና የሚገባው ከናቹራል ነው። ውጤቱ የበቃው ልጅ ከማትሪክ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እዚያው ሕክምና ይማራል፤ መሀል ላይ ሌላ ዲግሪ የለም። ሶሻል የገባው ያ በር ተዘግቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን የሚቀበል አዲስ የሕክምና ፕሮግራም ሲጀመር እንኳ የተጠሩት በሳይንስና በጤና ዘርፍ የተመረቁ ነበሩ። በዚያ ሥርዓት ያደገ አባት «አንትሮፖሎጂ» ሲባል «ሕክምናን ተወች» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም።

የአሜሪካው አሠራር ከሥሩ ይለያል። ሕክምና እዚህ በአብዛኛው ከዲግሪ በኋላ የሚገባበት ትምህርት ነው። መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ። ከዚያ አራት ዓመት ሕክምና ትምህርት ቤት። ከዚያ እንደ ሙያው ዘርፍ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም በሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ የሙያ ዘርፍ ሥልጠና። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ሜጀሯ ምን እንደሚሆን ሕክምና ትምህርት ቤቶቹ አይወስኑላትም። «ፕሪሜድ» የሚባለውም በአብዛኞቹ ኮሌጆች ሜጀር አይደለም። መወሰድ ያለባቸው ኮርሶች ስብስብ ነው።

እነዚያ ኮርሶች ግን ድርድር የላቸውም። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ትንሽ ይለያያሉ እንጂ የተለመደው ይሄ ነው። አንድ ዓመት ባዮሎጂ ከነላቡ (ከነቤተ ሙከራው)፣ አንድ ዓመት ጄኔራል ኬሚስትሪ ከነላቡ። ቀጥሎ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ይመጣል፤ ብዙ ቦታ አንድ ዓመት፣ አንዳንድ ቦታ አንድ ሴሚስተር ይጠየቃል። ከእሱ በኋላ አንድ ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ። አንድ ዓመት ፊዚክስ ከነላቡ። ከዚህ ሌላ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ፣ ስታትስቲክስ ወይም ሌላ ሒሳብ። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ሁሉም ባይጠይቃቸውም ለመግቢያ ፈተናው ይረዳሉ። የባዮሎጂ ተማሪም የአንትሮፖሎጂ ተማሪም እነዚህን የሚወስዱት እዚያው ክፍል ተቀምጠው፣ ያንኑ ፈተና ተፈትነው ነው። ለሶሻል ተማሪ የሚቀል ሌላ መንገድ የለም።

ይህ አካሄድ የትናንት አይደለም። ጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤቱን በ1893 ሲከፍት ገቢዎቹ ዲግሪ የያዙና የሳይንስ መሠረት ያላቸው እንዲሆኑ ጠየቀ። በ1910 ደግሞ አብርሃም ፍሌክስነር የአሜሪካንና የካናዳን ሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ አይቶ አንድ ሪፖርት አወጣ። ብዙ ደካማ ትምህርት ቤቶች በዚያ ዘመን ተዘጉ፤ የሆፕኪንስ ዓይነት አሠራርም ለሌሎቹ መለኪያ ሆነ። ፍሌክስነር ራሱ ሐኪም አልነበረም። ኮሌጅ ያጠናው የጥንት ግሪክና ሮማ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። ያኔ የተጠየቀው የሳይንስ ዕውቀት ነበር። ዛሬም የሚጠየቀው እሱ ነው።

ከዚያም አልፎ የሄደ አለ። ኒው ዮርክ ያለው የማውንት ሳይናይ ሕክምና ትምህርት ቤት በ1987 አንድ ፕሮግራም ጀመረ። የሂውማኒቲስ (እንደ ታሪክ፣ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ ያሉ ትምህርቶች) እና የሶሻል ሳይንስ ተማሪዎችን ገና ኮሌጅ እያሉ መርጦ ቦታ ሰጣቸው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪም፣ ፊዚክስም፣ ኤምካት የሚባለውን የመግቢያ ፈተናም አልጠየቃቸውም። በ2010 የወጣ ጥናት በዚህ መንገድ የገቡ 85 ተማሪዎችን በተለመደው መንገድ ከገቡ 606 ተማሪዎች ጋር አወዳደረ። በሕክምና ትምህርታቸው በጥቅሉ ተመጣጣኝ ሆነው ተገኙ። ይህን የማነሳው ልጅዎ ኬሚስትሪውን ትተወው ለማለት አይደለም። ያ ለጥቂቶች የተከፈተ ልዩ በር ነው። ግን ሶሻል ያጠና ሰው ሕክምና ይከብደዋል የሚለውን ፍርሃት ያቀልልዎታል ብዬ አስባለሁ።

ቁጥሩንም ልንገርዎት። በየዓመቱ ኤምዲ (የሕክምና ዶክተር ዲግሪ) ወደሚሰጡት ትምህርት ቤቶች ከ50,000 በላይ ሰው ያመለክታል። የሚገባው 23,000 ገደማ ነው። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በሜጀር ለይቶ የሚያወጣው ሠንጠረዥ አለ። በእሱ ላይ ከአመልካቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የባዮሎጂ ዘርፍ ሰዎች ናቸው። ሂውማኒቲስ ያጠኑት በቁጥር ጥቂት ናቸው። ካመለከቱት ውስጥ የሚገቡት ድርሻ ግን ከባዮሎጂዎቹ አያንስም፤ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ይበልጣል። እንደ አንትሮፖሎጂ ያለው ሶሻል ሳይንስም ከባዮሎጂ ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። ልጆች ይህን ሠንጠረዥ አይተው «ታሪክ ካጠናሁ የመግባት ዕድሌ ይጨምራል» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። ታሪክ እያጠና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጨርሶ፣ ኤምካት ተፈትኖ እስከ ማመልከቻ የሚደርሰው ልጅ ከመጀመሪያውም ጠንካራ ነው። ደከም ያለው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ሠንጠረዡ ላይ አይታይም። ሜጀሩ በራሱ ማንንም አያስገባም፤ ማንንም አያስቀርም።

በዚህ መንገድ ያለፉ የታወቁ ሰዎች አሉ። ሃሮልድ ቫርመስ አምኸርስት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጠና። ሃርቫርድ በዚያው ትምህርት ማስተርሱን ይዞ፣ ኋላ ኮሎምቢያ ሕክምና ገባ። በ1989 በካንሰር ጂኖች ምርምር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። የአሜሪካን የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ተቋም ለብዙ ዓመታት የመሩት ሐኪም አንቶኒ ፋውቺ ሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የጥንት ግሪክና ላቲን ከፕሪሜድ ጋር አጣምረው ነው የተማሩት።

ለልጅዎ የሚቀርበው ግን ፖል ፋርመር ነው። ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና አንትሮፖሎጂ አጥንቶ በ1982 ተመረቀ። ከዚያ ሃርቫርድ ኤምዲውንና በአንትሮፖሎጂ ፒኤችዲውን አንድ ላይ ሠራ። በሄይቲ ገጠር ሳንባ ነቀርሳና ኤችአይቪ ሲያክም፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ በሽተኛ ሲገጥመው «እምቢ ያለ ነው» ብሎ አላለፈውም። ቤቱ ምግብ አለ ወይ? ክሊኒክ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይሄዳል? የትራንስፖርት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ብሎ ጠየቀ። ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኞቹ ምግብና ትንሽ ገንዘብ ሲሰጥ፣ የጤና ሠራተኛም ቤታቸው ድረስ ሲመጣላቸው ታክመው ዳኑ። እስከ 2022 ሩዋንዳ ውስጥ እስካረፈበት ቀን ድረስ በዚሁ ሥራ ላይ ነበር። አንትሮፖሎጂ ለሐኪም ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ልጅዎ ፋርመርን ታውቀው እንደሆነ ይጠይቋት። ምናልባት ይህን ሐሳብ ያመጣችው ከእሱ ሥራ ተነስታ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር ልምጣ። ማመልከቻው ላይ አጠቃላይ ጂፒኤ (ከ4 የሚሰላ አማካይ ውጤት) አለ። ከእሱ ለብቻ የሚሰላ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ጂፒኤም አለ። መራጮቹ ሁለቱንም ያያሉ። ሳይንስ ያልሆነ ሜጀር የያዘች ልጅ የምትወስደው የሳይንስ ኮርስ ጥቂት ነው። ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ውጤት ይከብዳል።

በቁጥር እንየው። አንድ የባዮሎጂ ተማሪ እስኪመረቅ 80 የሳይንስ ክሬዲት ወሰደ እንበል። አንዲት የአንትሮፖሎጂ ተማሪ 40 ወሰደች። ሁለቱም ባለ 4 ክሬዲት የሆኑ ሁለት ኮርሶች ላይ ሲ አመጡ፤ ሌላውን ሁሉ ኤ። የእሱ የሳይንስ ጂፒኤ 3.8 ይሆናል። የእሷ 3.6 ላይ ይወርዳል። ስህተታቸው እኩል ነው፣ ቅጣታቸው ግን እጥፍ ይለያያል። የሚገቡት ተማሪዎች አጠቃላይ ጂፒኤ በአማካይ 3.8 ገደማ መሆኑን ሲያስቡ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አንትሮፖሎጂ ላይ የምታመጣው ኤ አጠቃላዩን ይደግፍላታል። የሳይንሱን ግን አይነካውም።

መፍትሔው ሜጀሩን መተው አይደለም። ከግዴታዎቹ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ከፍ ያሉ የባዮሎጂ ኮርሶች ትጨምር። ጄኔቲክስ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ሴል ባዮሎጂ ይሆናል። እነዚህ ጂፒኤውን ያረጋጋሉ። «ይህች ልጅ የሕክምናን የሳይንስ ጫና ትችለዋለች ወይ?» ለሚለው የመራጮች ጥያቄም መልስ ይሆናሉ። ስታትስቲክስም ከሒሳብ ጋር ስለሚቆጠር ይረዳታል። ለአንትሮፖሎጂ ምርምርም ያስፈልጋታል።

ስለ ኬሚስትሪ ውጤቷ ጠይቀዋል ማለት ይቻላል፤ ኤና ቢ ብለው ጽፈዋልና። ያ ቢ ብቻውን ምንም አያበላሽም። ይልቅ እኔ የማየው አንድ ነገር አለ። ልጅቷ ወደ አንትሮፖሎጂ እየሄደች ነው ወይስ ከኬሚስትሪ እየሸሸች? ብዙ ልጅ ጄኔራል ኬሚስትሪ ሲከብደው ሜጀር ይቀይርና «ፕሪሜዱን ግን እቀጥላለሁ» ይላል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ግን ከፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሜጀር ስለተቀየረ አይቀርለትም። የልጅዎ ውጤት የምትሸሽ ልጅ ውጤት አይመስለኝም። ቢሆንም እርስዎ ይጠይቋት። «ባዮሎጂውን ምን ስላስጠላሽ ነው?» ብለው አይጀምሩ። «አንትሮፖሎጂ ላይ ምን አየሽ?» ይበሏት። ስለ አንድ ኮርስ፣ ስለ አንድ መምህር፣ ስላነበበችው ነገር ዓይኗ እየበራ ካወራችልዎት ጥሩ ነው። «ይቀላል» ካለችዎት ግን ያሳስባል። በነገራችን ላይ አይቀልም። ሳምንቱን ሙሉ ማንበብና መጻፍ ነው። ቸኩሎ የተጻፈ ወረቀት ኤ አያመጣም።

ማንበቡ ደግሞ ፈተናው ላይ ይከፍላታል። ኤምካት አራት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132 ይታረማል፤ ድምሩ ከ472 እስከ 528 ነው። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ 512 ገደማ ነው። ከአራቱ አንዱ ምንም ሳይንስ የለበትም። ከሂውማኒቲስና ከሶሻል ሳይንስ የተወሰዱ ረጃጅም ጽሑፎች በ90 ደቂቃ አንብቦ 53 ጥያቄ መመለስ ነው። እኔ ከማማክራቸው ውስጥ በልጅነታቸው ከአገር ቤት የመጡ ጎበዝ ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግራቸው ይህ ክፍል ነው። ባዮኬሚስትሪን ጠጥተውት ይመጡና እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ይህን ክፍል በሁለት ወር ሸምድዶ ማለፍ አይቻልም። ለዓመታት ከባድ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ነው የሚቀናው። ሌላው ክፍል ስለ ሥነ ልቦና፣ ስለ ማኅበረሰብና ስለ ባህርይ ነው። እዚያም አንትሮፖሎጂ የሚያጠና ሰው ባዶ እጁን አይገባም። የቀሩት ሁለቱ ግን ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ናቸው። እነሱን ሜጀሯ አያስተምራትም።

ስለ ጊዜ አቆጣጠሩ። ኮርሶቹ ተከታትለው የሚወሰዱ ናቸው። ኦርጋኒክ ያለ ጄኔራል ኬሚስትሪ አይወሰድም፤ ባዮኬሚስትሪ ያለ ኦርጋኒክ በብዙ ቦታ አይወሰድም። ልጅዎ ባዮሎጂና ጄኔራል ኬሚስትሪ ስለጀመረች ጥሩ ቦታ ላይ ናት። ሁለተኛውን ዓመት ኦርጋኒክ፣ ሦስተኛውን ፊዚክስና ባዮኬሚስትሪ ብትወስድ ይደርሳል። ማመልከቻው የሚላከው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ላይ። ስለዚህ ከኮሌጅ በቀጥታ ለመግባት በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ኮርሱም ኤምካቱም ማለቅ አለባቸው። ከአንትሮፖሎጂው ጋር ይህ ሊጣበብ ይችላል። ከተጣበበ አራተኛውን ዓመት ጨርሳ፣ አንድ ዓመት ሠርታ ትግባ። ይህን ሲሰሙ «አንድ ዓመት ባከነ» እንዳይሉ። ዛሬ ሕክምና ከሚገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከኮሌጅ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ሌላ ነገር ሠርተው የመጡ ናቸው። ተጣድፎ በደከመ ውጤት ከማመልከት ይህ በብዙ ይሻላል።

ስለዚህ ሜጀሯን ከመቀየሯ በፊት አንድ ገጽ ዕቅድ ጽፋ ታሳይዎት። በየሴሚስተሩ የትኛውን የሳይንስ ኮርስ፣ የትኛውን የአንትሮፖሎጂ ኮርስ እንደምትወስድ። ኤምካት መቼ እንደምትፈተን። ይህን ወረቀት ሁለት ሰው ይየው፤ የአንትሮፖሎጂ አድቫይዘሯና የፕሪሜድ አማካሪው። ሁለቱ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም። አንዱ የሌላውን ግዴታ ስለማያውቅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሁለት ላብ በአንድ ሰዓት የሚጋጭባት ተማሪ አውቃለሁ።

ሁለት ወጥመዶችም አሉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ለማያጠኑ ተማሪዎች ቀለል ያለ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይሰጣል። ስሙ ይመሳሰላል፤ ለሕክምና ማመልከቻ ግን በአብዛኛው አይቆጠርም። እሷ መውሰድ ያለባት የሳይንስ ተማሪዎቹ የሚወስዱትን ነው። ሁለተኛው፣ ከፍ ያሉ የባዮሎጂ ኮርሶች ላይ መቀመጫው ቅድሚያ ለባዮሎጂ ሜጀሮች የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ። ሜጀሩን ስትለቅ ያንን ቅድሚያም ትለቃለች። ባዮሎጂን ማይነር (ተጨማሪ ንዑስ ዘርፍ) ማድረግ አንዳንድ ቦታ ይህን ይፈታል። በቅድሚያ ትጠይቅ።

በክረምት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄዶ ኮርስ መውሰድ ለኪስ ይረዳል፤ ሐበሻ ቤተሰብ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምረው ሐኪም የሆኑ ብዙ ናቸው። ግን እሷ አሁን የአራት ዓመት ዲግሪ በሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናት። ኦርጋኒክን ወይም ፊዚክስን ለብቻው ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ካወጣችው አንዳንድ መራጮች «ከበዳትና ሸሸች» ብለው ያነቡባታል። ከሳይንስ ሜጀር ውጪ ላለች ልጅ ይህ ጥርጣሬ ይበረታል። ከባዶቹን እዚያው ትውሰድ።

የድጋፍ ደብዳቤም አለ። ብዙ ትምህርት ቤት ከሁለት የሳይንስ መምህራንና ከአንድ የሌላ ትምህርት መምህር ይፈልጋል። የአንትሮፖሎጂ ክፍል ትንሽ ስለሆነ መምህሩ ልጅቷን በስም ያውቃታል። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አዳራሽ ግን ሦስት መቶ ሰው ሊይዝ ይችላል። እዚያ ውስጥ መምህሩ እንዲያውቃት ኦፊስ አወር መሄድ አለባት፤ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ። የእኛ ልጆች መምህር ማስቸገር ነውር እየመሰላቸው ይህን ይተዉታል። እባክዎ እርስዎ ያበረታቷት። እዚህ አገር መምህር ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

አሁን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ልትረዷት የምትችሉበት ነገር አለ። ሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቹ በሽተኛ አጠገብ ቆሞ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ልጅዎ አማርኛ ትችላለች? በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ አማርኛ ተናጋሪ በሽተኛ ብዙ ነው። ዲሲ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሲሠራበት አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የሠለጠነ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። ለብሔራዊ የሕክምና አስተርጓሚነት ማረጋገጫ ቢያንስ 40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። በሥራው ላይ የምታየውን ሌላ ቦታ አታገኘውም። አንዲት እናት ስኳሯን እንዴት እንደምትገልጸው፣ «ልቤን ወጋኝ» የሚለው አዛውንት ሐኪሙ ፊት ምን እንደሚደብቅ፣ ጾም ላይ ያለ ሰው መድኃኒቱን ለምን እንደዘለለ። አንትሮፖሎጂ ማለት እኮ ይሄ ነው። የማመልከቻ ድርሰቷ ከዚህ ሥራ ቢወጣ፣ «ለምን አንትሮፖሎጂ?» ብሎ የሚጠይቃት ቃለ መጠይቅ አድራጊ መልሱን ያገኛል።

አንድ ማሳሰቢያ ላክልበት። ለአያቷ ሐኪም ቤት ሄዶ ማስተርጎም ጥሩ ልጅነት ነው እንጂ ሥልጠናውን አይተካም። ትናንሽ ልጆችን ለሕክምና አስተርጓሚ ማድረግማ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር በፌዴራል ሕግም የተከለከለ ነው። ሥራውን እንደ ሙያ ትያዘው።

ገንዘቡን በተመለከተ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ፔል ግራንት (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ተማሪዎች የፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው የማይመለስ ድጋፍ) ካገኘች በዕድሜ ዘመኗ የሚሰጣት ለ12 ሙሉ ሴሚስተር የሚበቃ ነው። ስለዚህ ሜጀር መቀየሩ የመመረቂያ ጊዜዋን እንዳያራዝመው በዕቅዱ ላይ ይታይ። አንትሮፖሎጂ ከባዮሎጂ ያነሰ ክሬዲት ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አያራዝምም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን «ባትገባስ?» የሚለው ነው። ከላይ ቁጥሩን አይተዋል። በአንድ ዓመት ካመለከቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አይገቡም። ይህ ለባዮሎጂውም ለአንትሮፖሎጂውም ነው። የባዮሎጂ ዲግሪ ብቻውን ይዞ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ማግኘት ወላጆች እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። የአንትሮፖሎጂም እንዲሁ። ስለዚህ ሜጀሯ ምንም ይሁን፣ ሕክምናው ቢዘገይ ወይም ቢቀር በምን ሥራ እንደምትቆም ትንገርዎት። ወደ ሕዝብ ጤና ማስተርስ ልትሄድ ትችላለች። የሆስፒታል የማኅበረሰብ ፕሮግራሞች፣ የጤና ምርምር ቢሮዎች አሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላት ልጅ ማመልከቻው ላይም በራስ መተማመኗ ይታያል።

ዲግሪዋን ከጨረሰች በኋላ የሳይንስ ኮርስ ቢጎድላትስ? ለዚያም መንገድ አለ። ፖስት ባክ የሚባሉ ፕሮግራሞች ሌላ ነገር አጥንተው ኋላ ወደ ሕክምና ለሚመጡ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። ሜሪላንድ ያለው ጋውቸር ኮሌጅና ፔንስልቬኒያ ያለው ብሪን ማር ኮሌጅ በዚህ ይታወቃሉ። ጥሩ ናቸው፤ ግን ውድ ናቸው። ልጅዎ ኮርሶቹን አሁን በኮሌጅ ክፍያዋ ውስጥ መጨረስ ስለምትችል እዚያ መድረስ የለባትም።

ሌሎች ወላጆችም ስለሚያነቡት ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንዱ «ቢያንስ ነርሲንግ ይዛ ከዚያ ሕክምና ትሞክር» ይላል። ነርሲንግ ክቡር ሙያ ነው፤ ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ ትግባበት። ለሕክምና መሸጋገሪያ ግን ብዙውን ጊዜ አይመችም። ለነርሶች የሚሰጠው ኬሚስትሪ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት አይደለም፤ ኮርሶቹን እንደገና መውሰድ ይመጣል። ሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ችግር የለበትም። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ግን አብዛኞቹ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች አይቀበሉትም ወይም በጣም ጥቂት ቦታ ነው ያላቸው። ለእሱ ከሜጀር ምርጫ በፊት የሚታሰበው ይህ ነው።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እሺ እላት ነበር። ውጤቷ ጥሩ ነው፣ የሳይንሱን ኮርስ ጀምራለች፣ የመረጠችው ትምህርት ከሕክምና ጋር ይዛመዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጥታ ነግራዎታለች። ደብቃ ቀይራ ቢሆን ኖሮ ይህን ዕቅድ አብራችሁ የምታዩበት ዕድል አይኖርም ነበር። ከተቆጧት ቀጣዩን ውጤቷን፣ ቀጣዩን ጭንቀቷን አትነግርዎትም። ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ ከኋላዋ እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋታል።

ሜጀር የምትቀይርበት ቅጽም የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። የሳይንስ ኮርሶቹን በየሴሚስተሩ እስከቀጠለች ድረስ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ «ባዮሎጂ ይሻለኛል» ብትል ብዙ ሳይጎድልባት ትመለሳለች። የማይጠብቃት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው። የላቡ መቀመጫ ቶሎ ስለሚሞላ፣ የሜጀሩ ወሬ ቢቆይም በዚህ ሳምንት ትመዝገብ።